ትሬሞሎ በክላሲክ ጊታር፦ ቀኝ እጅን ለባቲ፣ ለትዝታና ለአምባሰል ማዘጋጀት

ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ አንዱን ድምፅ ይዞ የፈለገውን ያህል ያቆየዋል። ደጋኑ ሲያልቅበት መልሶ ይስበዋል፤ ድምፁም ይቀጥላል። ጊታር ይህ ጸጋ የለውም። ክሩ በተመታበት ቅጽበት ድምፁ መክሰም ይጀምራል። ትዝታን በጊታር የሚጫወት ሰው ዜማው ረዘም ብሎ በሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ እጁ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ትሬሞሎ የዚህ መላ ነው። አውራ ጣት ቤዙን (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ) ይመታል፤ ከዚያ የቀለበት ጣት፣ የመሃል ጣትና ሌባ ጣት በዚህ ቅደም ተከተል አንዱን የዜማ ክር ሦስት ጊዜ ይመቱታል። አራት ምት አንድ ዙር ይሆናል። እኛ ዙሩን አ–ቀ–መ–ሌ ብለን እንጽፈዋለን፦ አውራ፣ ቀለበት፣ መሃል፣ ሌባ። የዜማው ክር በእያንዳንዱ ዙር አንድ ምት ይጎድለዋል፤ ያን ጊዜ የሚጫወተው አውራ ጣት ነውና። ምቶቹ እኩል ከሆኑ ጆሮ ጉድለቱን ራሱ ይሞላውና ዜማው ሳይቋረጥ የሚፈስ ይመስለዋል። እኩል ካልሆኑ ግን የቱንም ያህል ቢፈጥኑ ጆሮ አይታለልም። ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚያተኩረው እኩልነት ላይ ነው፤ ፍጥነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

መመሪያው የተጻፈው ቢያንስ መሠረታዊ ኮርዶችን ለሚይዝና ጣቶቹን በተለያዩ ክሮች ላይ አከታትሎ መደርደር ለሚችል ሰው ነው። ክራር በድርደራ ለሚጫወቱ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በክራር ላይ ጣት ሁሉ የየራሱ ክር አለው፤ በትሬሞሎ ግን ሦስት ጣቶች አንድ ክር ላይ ይሻማሉ። የለመደ እጅ እንኳ መጀመሪያ ላይ የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው።

ጊታሩና ጥፍሩ

ጊታሩ የናይለን ክር ያለው መሆን አለበት። ናይለን ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ጣትን በፍጥነት ይመልሳል፣ ጥፍርንም አይበላም። በብረት ክር ላይ ትሬሞሎ መለማመድ ጥፍርን ቶሎ ይጨርሰዋል። የብረት ክር በርካሽ ተገኘ ተብሎ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ ማሰር ደግሞ ከዚህ የባሰ ስህተት ነው፤ ጉተታው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ብሪጁን (ክሮቹ የሚታሰሩበትን እንጨት) ከፊት ሳንቃው ላይ ሊነቅለው ወይም አንገቱን ሊያጎብጠው ይችላል። ክር ስትገዙ መካከለኛ ውጥረት ያለውን ምረጡ። ጠንካራው ድምፁ ቢጎላም ገና ያልጠነከረውን የቀለበት ጣት ያደክማል።

ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ካለው የብረት መስመር) ያለውን ከፍታም ተመልከቱ። 12ኛው ፍሬት ላይ 1ኛው (ቀጭኑ) ክር 3 ሚሊ ሜትር፣ 6ኛው (ወፍራሙ) ክር 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው።

ጥፍር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ጣቴ ሰነፈ ብሎ የሚያማርረው ጥፍሩ ክሩን ስለሚይዝበት ነውና። መዳፋችሁን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ጣቶቹን በዓይናችሁ ትክክል አቁሟቸው። ጥፍሩ ከሥጋው በላይ 1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቅ ካለ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ በክሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ምቱም ይዘገያል። የአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ረዘም ቢል ችግር የለውም። ቅርጹ የጣቱን ጫፍ ይከተል፤ ሹል ወይም ማዕዘን ያለው አይሁን። በጥፍር ሞረድ ቅርጹን ካወጣችሁ በኋላ 1000 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ከላይም ከሥርም አለስልሱት። ጠርዙ ለዓይን ጥሩ መስሎ ሳለ ሻካራ ሊሆን ይችላል፤ መለያው ድምፁ ነው። ክሩ በተመታ ቁጥር ከድምፁ ቀድሞ ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ጥፍሩ አልለሰለሰም። በነጠላ ወይም በሹራብ ላይ ጫፉን ስታንሸራትቱትም ክር መምዘዝ የለበትም።

ሊጥ ካቦካችሁ ወይም ልብስ ካጠባችሁ በኋላ ወዲያው አትለማመዱ። ውኃ የጠጣ ጥፍር ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል። ሩብ ሰዓት ያህል አድርቁት። ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣትን ያደነዝዛል፤ ሰው እጁን በሙቅ ውኃ ነክሮ ሊያሞቅ ይፈልጋል፣ ያ ግን ጥፍሩን ያበላሻል። ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ በመዳፍ አቅፎ መቆየት፣ ወይም እጅን ብብት ሥር ማድረግ ጣቱን ያሞቃል፣ ጥፍሩንም ደረቅ ያቆየዋል።

አቀማመጥ

ጊታሩን በግራ ጭን ላይ አድርጉት፤ ግራ እግራችሁን ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ነገር ላይ አሳርፉ። የእግር ማሳረፊያ ከሌለ አጭር ዱካ ወይም የተደራረቡ መጻሕፍት ይሠራሉ። የቀኝ ክንዳችሁ ከክርን ዝቅ ብሎ ባለው ሥጋማ ክፍል በጊታሩ ጠርዝ ላይ ይረፍ። አንጓችሁ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይታጠፍ፤ በትንሹ ብቻ ቀና ይበል። እጁ ከድምፅ ቀዳዳው ወደ ብሪጁ በኩል ፈቀቅ ብሎ ይቁም፤ እዚያ ክሩ ጠንከር ስለሚል ጣት ቶሎ ይመለሳል። ቀዳዳው መሃል ላይ ድምፁ ይሞቃል፣ ክሩ ግን ይወዛወዝና ጣቶች ይሳሳታሉ።

አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ቀደም ብሎ ወደ ጊታሩ አንገት በኩል ይቁም። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት አውራ ጣትና ሌባ ጣት የመስቀል ቅርጽ ሊሠሩ ይገባል። አውራ ጣት ወደ መዳፍ ከገባ ከሌባ ጣት ጋር ይጋጫል፤ የትሬሞሎው ዙር የሚሰናከለውም በዚሁ ግጭት ነው።

አንዱ ምት

ዙሩን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነጠላ ምት በትክክል መምታት አለባችሁ። የመሃል ጣታችሁን 1ኛው ክር ላይ አኑሩ። ክሩ የጥፍሩና የሥጋው መገናኛ ላይ ይቀመጥ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይንካ። በትንሹ ጫን በሉት። አሁን ጣቱ ከመዳፉ ጋር ከሚገናኝበት ከትልቁ መገጣጠሚያ ተነስታችሁ ወደ መዳፍ አቅጣጫ ሳቡት። ክሩ ሲለቅ ጣቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄዶ ይቁም፤ 2ኛውን ክር አይንካ። ከዚያ ጣቱን ወደ ቦታው በጉልበት አትመልሱት፤ ልቀቁት፣ ራሱ ይመለሳል። መመለሱ በጉልበት ከሆነ ጣቱ በአንድ ዙር ሁለት ሥራ ይሠራል፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥም ይዝላል።

ይህን በሦስቱም ጣቶች ለየብቻ አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ 20 ምት ይበቃል። የቀለበት ጣት ሲሠራ ትንሿ ጣት ተገትራ ከቆመች እጁ ውስጥ ውጥረት አለ ማለት ነው። ሁለቱ ጣቶች የሚጋሩት ሥርና ጡንቻ ስላለ ትንሿ ከቀለበቱ ጋር አብራ ብትንቀሳቀስ ነው የሚቀልላት። ይዛችሁ ልታቆሟት አትሞክሩ።

ዙሩን መገንባት

በቀጥታ ሦስት ጣት አንድ ክር ላይ አታስገቡ። መጀመሪያ ለየራሳቸው ክር ስጧቸው፤ ቀለበት 1ኛው ላይ፣ መሃል 2ኛው ላይ፣ ሌባ 3ኛው ላይ፣ አውራ ጣት 6ኛው ላይ። አ–ቀ–መ–ሌ እያላችሁ ያለ ግራ እጅ ምቱ። ይህ ለክራር ተጫዋች እንግዳ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ ወሎ ለሚኖር ጊታሪስት ደስ የሚል ነገር አለ። የጊታር ስድስት ክሮች ሳይያዙ ሲመቱ የሚሰጡት ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲና ሚን ነው። እነዚህን ከሚ ጀምራችሁ ብትደረድሯቸው ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ይሆናሉ፤ ይህም ሙዚቀኞች ማይነር ባቲ የሚሉት ቅኝት ነው። ሲ ስንል የዶ–ሬ–ሚውን ሲ ማለታችን ነው፤ 2ኛው ክር ሳይያዝ የሚሰጠውን። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግራ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፋችሁ ቀኝ እጅን ብቻ ስታሠለጥኑ፣ ከክሮቹ የሚወጣው ድምፅ ባቲ ባቲ ይላል። አሰልቺ የሚባለው ልምምድ በዚህ ምክንያት ብዙ ይቀልላል።

ዙሩ በሦስት ክር ላይ ሲረጋ ክሮቹን አጥብቡ። ቀለበትና መሃል ሁለቱም 1ኛው ክር ላይ፣ ሌባ 2ኛው ላይ ይሁኑ። ሁለትና ሦስት ቀን በዚህ ቆዩ። ከዚያ ሌባ ጣትንም ወደ 1ኛው ክር አምጡ። አሁን ዙሩ ሙሉ ትሬሞሎ ሆነ።

በዝግታ ስትጫወቱ ተከታዩ ጣት ቀድሞ ክሩ ላይ ይረፍ። ቀለበት እንደመታ መሃል ጣት ወዲያው ክሩ ላይ ይቀመጥና ድምፁን ይቁረጠው፤ ተራው ሲደርስ ይምታ። ሌባ ጣትም እንዲሁ። ድምፁ ቁርጥ፣ ቁርጥ፣ ቁርጥ ይላል፤ ለጆሮ አያምርም፣ ግን ጣት ከምቱ አስቀድሞ ቦታው ላይ መገኘትን የሚማረው በዚህ ነው። ሰው ሲፈጥን ጣቱ የሚጠፋበት፣ በዝግታ ሲለማመድ ጣቱን አየር ላይ ይዞ ስለሚጠብቅ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ይህ ማረፍ ራሱ እያጠረ ይሄድና ይጠፋል።

ከሳምንት በኋላ ትሬሞሎውን ወደ 2ኛው ክር አውርዱት። በዚያ ጣት በአንድ በኩል 1ኛውን ክር፣ በሌላው በኩል 3ኛውን ሳይነካ መግባትና መውጣት አለበት፤ ጠባብ በር እንደማለት ነው። በ2ኛው ክር ላይ የጸዳ ትሬሞሎ ያለው ሰው 1ኛው ክር ላይ ሲመጣ እጁ ይቀልለዋል። እኛ ከጠቅላላው ልምምድ ግማሹ በ2ኛው ክር ላይ ቢሆን እንመርጣለን።

ግልቢያ

የትሬሞሎ ዋናው በሽታ ግልቢያ ነው። ሦስቱ ጣቶች ተጣብቀው ይመቱና ከአውራ ጣት በፊት ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁ እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ይሆናል። በሽታው ያለበት ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ አይሰማውም፤ እጁን በሚያየው ዓይኑ ስለሚታለል። ስልካችሁ ላይ 20 ሰከንድ ያህል ቅዱና በግማሽ ፍጥነት አጫውቱት። ክፍተቱ የት እንዳለ ያኔ ፍንትው ይላል። ሌላ መፈተሻ ደግሞ የታጠፈ ጨርቅ ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር መወሸቅ ነው። ድምፁ ይታፈንና ምቱ ብቻ ይቀራል፤ የሚያስተጋባ ነገር ስለሌለ ትንሿ መዛባት ሁሉ ትሰማለች። በኪራይ ቤት ግድግዳ ለምትጋሩም ይህ ጨርቅ የጎረቤትን እንቅልፍ ይጠብቃል።

ክፍተቱ በሌባና በአውራ መካከል ከሆነ፣ መነሻው ብዙውን ጊዜ አውራ ጣት ነው። ከመታ በኋላ ርቆ ሄዶ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። እንቅስቃሴውን አሳጥሩት፤ ቀለበት በሚመታበት ሰዓት አውራ ጣት ወደ ቀጣዩ ቤዝ ጉዞ ጀምሮ መሆን አለበት። ክፍተቱ በቀለበትና በመሃል መካከል ከሆነ ደግሞ የቀለበት ጣት ደክሟል፤ ወይም ጥፍሩ ረዝሟል። በመጀመሪያ ጥፍሩን ፈትሹ፤ ሞረድ ከልምምድ ይቀድማል።

ለግልቢያ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው ጠንካራውን ምት ማዘዋወር ነው። ስምንት ዙር አውራ ጣትን፣ ስምንት ዙር ቀለበትን፣ ስምንት መሃልን፣ ስምንት ሌባን አጉልታችሁ ምቱ። ሌባ ጣትን አጉልቶ መምታት ሁሉንም ያስቸግራል፤ ፋይዳውም እዚያው ላይ ነው፤ ግልቢያ የሚዘርፈው የሌባ ጣትን ጊዜ ነውና። ሁለተኛው ዙሩን ከሌላ ጣት መጀመር ነው። ሌ–አ–ቀ–መ ብላችሁ የሜትሮኖሙ (ጊዜ የሚቆጥረው መሣሪያ) ምት ሌባ ጣት ላይ እንዲወድቅ አድርጉ፤ ቀጥሎ መ–ሌ–አ–ቀ። ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም፤ የሚለወጠው አእምሮ የሚቆጥርበት ቦታ ብቻ ነው። ክፍተቱ የሚሸሸግበት ቦታ ሲያጣ ራሱ ይጠባል።

ሜትሮኖምና ጊዜ

ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሜትሮኖም ጫኑ። በ60 (በደቂቃ 60 ቃጭል) ጀምሩ፤ መጀመሪያ በአንድ ቃጭል አንድ ምት። ይህ በጣም ዝግተኛ ነው፤ ታገሱት። ቀጥሎ በአንድ ቃጭል ሁለት ምት፣ ከዚያ አራት። በ60 አራት አራት ምት ማለት በሰከንድ 4 ምት ነው። ከዚህ በኋላ በአራት አራት ከፍ በሉ፦ 64፣ 68፣ 72። አንድ ቁጥር ላይ ሁለት ደቂቃ ያለ ግልቢያና ያለ ውጥረት መጫወት ካልቻላችሁ ወደ ቀጣዩ አትለፉ፤ እንዲያውም ስምንት ወደ ኋላ ተመለሱ። በ100 ገደማ ድምፁ መያያዝ ይጀምራል። በ120 በሰከንድ 8 ምት ይሆናል፤ ለትዝታ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ እርሱም በአንድ ቁጭታ አይሁን፣ ጠዋት 7፣ ከሰዓት 7፣ ማታ 6 ደቂቃ አድርጋችሁ ክፈሉት። ጣት በድካም የተማረውን ግልቢያ በኋላ ማስረሳት ከመጀመሪያው ልምምድ ይከብዳል። በዚህ አካሄድ ለብዙ ሰው እኩል የሆነ ትሬሞሎ ለመያዝ ወራት ይፈጃል። ክንድ ላይ የድካም ሙቀት ከተሰማ አቁሙ፤ እጃችሁን አንጠልጥላችሁ አራግፉ። ሹል ሕመም ወይም ጣት ላይ መደንዘዝና መውረር ከመጣ ግን ለቀናት አሳርፉት፤ ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

ወደ ቅኝቱ

አሁን ግራ እጅን አስገቡ። ላ ማይነርን ያዙ፦ 5ኛው ክር ሳይያዝ፣ 4ኛው 2ኛ ፍሬት፣ 3ኛው 2ኛ ፍሬት፣ 2ኛው 1ኛ ፍሬት፣ 1ኛው ሳይያዝ። አውራ ጣት በየዙሩ 5ኛውን፣ 4ኛውን፣ 3ኛውን፣ መልሶ 4ኛውን ይምታ፤ ሦስቱ ጣቶች 1ኛው ክር ላይ ይቆዩ። አራት ዙር አንድ ባር ይሆናል።

ማይነር ትዝታ ከላ ሲነሳ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። በ1ኛው ክር ላይ እነዚህን የምታገኙት ሳይያዝ (ሚ)፣ 1ኛ ፍሬት (ፋ)፣ 5ኛ (ላ)፣ 7ኛ (ሲ)፣ 8ኛ (ዶ) እና 12ኛ (ሚ) ላይ ነው። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ኮርዱን ልቀቁና ቤዙን ባልተያዙት 5ኛና 6ኛ ክሮች ላይ አቆዩት። ልብ በሉ፦ 4ኛው ክር ሳይያዝ ሬ፣ 3ኛው ሳይያዝ ሶል ነው፤ ሁለቱም በዚህ ቅኝት ውስጥ የሉም። አውራ ጣት ተሳስቶ ቢነካቸው ቅኝቱ ወዲያው ይፈርሳል። 2ኛ ፍሬታቸው ላይ ከተያዙ ግን ሚና ላ ስለሚሆኑ ይስማማሉ።

የግራ ጣት ወደ አዲሱ ፍሬት መሄድ ያለበት ሌባ ጣት መትቶ እንደጨረሰ፣ አውራ ጣት ቤዙን በሚመታበት ቅጽበት ነው። ቀለበት ሲመታ ግራው ደርሶ መቀመጥ አለበት። ከዘገየ የመጀመሪያው ምት ይታፈንና ሰው ስህተቱን ቀኝ እጁ ላይ ይፈልጋል። ከ1ኛ ወደ 5ኛ ፍሬት የሚደረገው ዝላይ እዚህ ላይ ይፈተናል፤ ያን አንድ ዝላይ ብቻ ነጥላችሁ በ60 ደጋግሙት።

አሁን ምንም ፍሬት ሳትለውጡ ቤዙን ከ5ኛው ክር ወደ 6ኛው አዛውሩት። እነዚያው አምስት ድምፆች ከሚ ሲነሱ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናሉ፤ ይህ አምባሰል ነው። ትዝታውን ወደ አምባሰል ያዞረው የቤዙ መሠረት ነው፤ ያን መሠረት የያዘው ደግሞ አውራ ጣት ነው። ስለዚህ በአምባሰል ላይ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጎላ ይበል፤ 6ኛው ክር ካልተሰማ አድማጩ ትዝታ ነው ብሎ ይቀጥላል። አንቺ ሆዬ ከሚ ሲነሳ በ1ኛው ክር ላይ ሳይያዝ (0)፣ ከዚያ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 9ኛ ፍሬት ነው። ከ6ኛው ወደ 9ኛው ያለው ርቀት ለግራ እጅ ሰፊ ስለሆነ ሌሎቹ ከረጉ በኋላ ይምጣ።

ዜማ ላይ ማስዋቢያ ስትጨምሩ አንድ ድምፅ በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ ይጠናቀቅ፤ በዙሩ መሃል ግራ እጅ አይለውጥ። ጊታሩን ከደሴ ይዛችሁ ኮምቦልቻ ከወረዳችሁ ደግሞ ሙቀቱ ቅኝቱን ያናጋዋል። ከሻንጣው አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፣ በቲዩነር ቃኙት፣ በ60 አምስት ደቂቃ በ2ኛው ክር ላይ አሙቁና ከዚያ ወደ ዜማው ግቡ።